ሳላዘው የሚሄድ ፍላጻ

መልእክት ጽፋችሁ፣ አንድ ጊዜ ላንብበው ብላችሁ ሳትጨርሱ አውራ ጣታችሁ ልኮት ያውቃል? ወይም ሰው እያናገራችሁ ሳለ ዓረፍተ ነገሩን ከአፉ ነጥቃችሁ ጨርሳችሁለት? ደርሶባችሁ ከሆነ ያለፈው የብርድ ወቅት ለምን እንዳደከመኝ ለማስረዳት ብዙ አልቸገርም። በእኔ ላይ የደረሰው በደጋን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። መሀል ኢየሩሳሌም በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የምኖረው ኔቬ ያዕቆብ በሚባል ሰፈር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቴ የሚሄደውን አውቶቡስ ትቼ ቃታሞኒም ወደሚባል ሌላ ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ በመኖሪያ ሕንፃዎቹ መካከል፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ረጅም ሚክላት አለ። ሚሳይል ሲመጣ ሰፈሩ እንዲጠለልበት የተሠራ ነው፤ በሌላው ቀን የእኛ ክበብ ደጋን ይለማመድበታል። እርጥበት ይሸታል፤ ስልክም አይሠራም። ቀኑን ሙሉ በዕብራይስጥ «ሞራ! ሞራ!»፣ መምህርት! መምህርት! እየተባለች ስትጠራ ለዋለች አስተማሪ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ዕረፍት ነው።

የእኛ ደጋን ባህላዊ የሚባለው ዓይነት ነው። መሀሉ የእንጨት እጀታ ነው፤ ከላይና ከታች ጫፋቸው ወደ ፊት የተቆለመመ ሁለት ክንፎች አሉት። ሌሎቹ ዘመናዊ ደጋኖች ማነጣጠሪያም ማመዛዘኛ ዘንግም አላቸው፤ የእኛ ምንም የለውም። ፍላጻችን ጭራው ላይ እውነተኛ ላባ አለው። ዒላማው ወረቀት ነው፦ መሀሉ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ በመጨረሻ ነጭ። እምብርቱን የመታ አሥር ያገኛል፤ ወደ ዳር በወጣ ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳል። ፍላጻው ሁለት ቀለም የሚለየውን መስመር ከነካ ትልቁ ነጥብ ይያዝለታል፤ ነገር ግን ነጥቡ ተጠርቶ እስኪጻፍ ድረስ ማንም ፍላጻውን በጣቱ መንካት አይችልም። እንዲህ ያለ ሕግ ደስ ይለኛል። ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝም ደጋኑ ሳይሆን ሕጉና ነጥቡ ይመስለኛል።

ያጠመደኝም እሱው ነው። አውታሩን ስቤ ጣቴን ከከንፈሬ ጥግ ሳላደርስ፣ የፍላጻው ጫፍ ገና ቢጫው አጠገብ ሲደርስ፣ አእምሮዬ አሥሩን ደምሮ ጨርሷል። ድምሩ ካለቀ እጅ ምን ይጠብቃል? ይለቃል። ፍላጻው ጥቁሩ ላይ፣ ነጩ ላይ፣ አንዳንዴም ከወረቀቱ ውጭ ይሰካል። አሰልጣኛችን፣ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የማትወድ አሮጊት፣ «የዒላማ ድንጋጤ ነው፤ ብዙ ሰው ይይዘዋል» አለችኝ። ስለ ጉንፋን የምታወራ ይመስል ነበር።

እኔ ግን አላመንኳትም። ጥፋቱ ዕቃው ላይ ነው አልኩ። መጀመሪያ ክንፎቹ ከብደውኝ ይሆናል ብዬ ቀለል ያሉ ተዋስኩ። ቀጥሎ ጣት ላይ የሚጠለቀውን ቆዳ ቀየርኩ። ከዚያ አውታሩን አጠር፣ ረዘም እያደረግሁ ሞከርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምቀይረው፤ ተማሪዎቼን የማስተምረው እንደዚያ ነውና። ሁሉም ለአንድ ቀን ይሠራና በማግስቱ እጄ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ብቻዬን ብሆን ኖሮ ደጋኑን ሰቅዬ ቤቴ እተኛ ነበር። በክበባችን ግን የእንጨት ደጋን የምንይዘው ሦስት ነን፦ እኔ፣ በቅርቡ ከወታደርነት የተሰናበተችው የአክስቴ ልጅ፣ እና ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የቡድን ውድድር የሚባል አለ፤ ሦስት ሰው ካልሞላ አይገባበትም። ጋሼ በቡድን ተሰልፈው አያውቁም። ትከሻቸው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ደጋን መሳብ የለም ብሏቸዋል። ውድድሩ ከፋሲካ በፊት ነው። እኔ ከቀረሁ ለእሳቸው ሌላ ውድድር የለም።

አሰልጣኟ የዒላማውን ወረቀት አነሳችብኝ። ለሳምንታት ወረቀቱ ይለጠፍበት ከነበረው የገለባ ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ በጣም ቀርቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወረወርኩ። ነጥብ የለም፤ ቀለም የለም። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ትስቅብኛለች።

«ሞራ፣ ለገለባው ማርክ ልትሰጪው ነው?»

«ዝም በይ።»

«ካፓራ፣ የኔ ውድ፣ ተኝተሽ ነው እንዴ? ዓይንሽን ጨፍነሻል እኮ!»

ብተኛማ ማን በጠላ። ከዚያ ሌላ ልምምድ መጣ፦ መሳብ፣ መያዝ፣ ከዚያ ሳይለቁ አውታሩን በዝግታ መመለስ። ቀላል ይመስላል። ማታ ማታ በአውቶቡስ መስኮት ተደግፌ ስመለስ የጀርባዬ ጡንቻ ለብቻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጠመኔ ማንሳት ያቅተኛል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ነበር፤ ለአንዱ በዕብራይስጥ፣ ለሌላው በአማርኛ ያንኑ ነገር መላልሼ አስረዳለሁ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ የደጋን ቦርሳዬን ተሸክሜ ኢትዮጵያ በሚባለው መንገድ ስወርድ፣ በደብረ ገነት ገዳም በር ላይ የቆሙ እማሆይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ በገና ነው?»

«ደጋን ነው፣ እማሆይ።»

«ውይ! ከማን ጋር ልትዋጊበት?»

«ከወረቀት ጋር።»

«ወረቀትስ ማንን በደለ!» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት በሚክላቱ ደረጃ ላይ ለጋሼ እውነቱን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እኔ ብቀር ይሻላል። ነጥብዎን አበላሽብዎታለሁ።»

«የእኔ ነጥብ መቼ አምሮ ያውቅና ነው የምታበላሺው?»

«እየቀለድኩ አይደለም እኮ። እጄ አይታዘዘኝም።»

ትከሻቸውን እያሹ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። «ስሚኝ፣ ልጄ። መሪ ስይዝ ኖሬ ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ ከኋላዬ ሃምሳ ሰው ቢቀመጥም ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰው ጋር ተሰልፌ ልቁም ነው የምለው። አንቺ ከቀረሽ ከማን ጋር ልቁም? ከግድግዳው ጋር?»

እሺ አልኩ፤ እሺ ያልኩትም ከድካም ይመስለኛል።

ውድድሩ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነበር። የቡድን ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሦስቱ ከመስመሩ ኋላ ይቆማሉ፤ አንድ በአንድ ወደ መስመሩ እየገቡ ሁለት ሁለት ፍላጻ ይወረውራሉ። ለሦስቱም የተሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። አንዱ የዘገየው ከሌላው ላይ ይቀነሳል። የአክስቴ ልጅ ፈጣን ስለሆነች መጀመሪያ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ጋሼ መጨረሻ ሆነን ቆምን።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እንደ ፈራሁት ሄዱ። ፍላጻዎቼ ያለ ትእዛዝ እየሄዱ ዳር ዳሩን ተሰኩ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ከተጋጣሚዎቻችን ብዙም አልራቅንም ነበር፤ የአክስቴ ልጅና ጋሼ ደህና ይዘውታል። እሷ ሁለቱን ቶሎ ለቀቀችና ወጣች። ገባሁ። ሳብኩ። ቢጫው መጣ፣ ጣቶቼም ሊከፈቱ ሲሉ ተሰማኝ። አውታሩን በዝግታ መለስኩት።

«ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ልቀቂው!» አለች የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ።

«ተያት!» አሏት ጋሼ።

እንደገና ሳብኩ። እንደገና መለስኩ። ሰዓቱ ከጋሼ ጊዜ ላይ እየበላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በሦስተኛው ስስብ ቢጫው ፊቴ ቆመ፣ እኔም ቆምኩ፤ ምንም አልደመርኩም። እጄን ልቀቅ አልኩት፣ ለቀቀ። ቀይ ላይ ተሰካ። ሁለተኛው ግን ልክ እንደ ድሮው ሳላዘው ሄዶ ነጩን ነካ። እንዲህ ነው፤ በሽታው በአንድ ፍላጻ አይድንም።

ጋሼ ሲገቡ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። አንዱን ወረወሩ፣ ሰማያዊ ላይ ተሰካ። ሁለተኛውን አውታሩ ላይ አድርገው መሳብ ሲጀምሩ ጊዜው ማለቁን የሚያሳውቀው ደወል ጮኸ። አውታሩን መለሱ፤ ፍላጻውን ጥቂት ካዩት በኋላ ወደ ከረጢታቸው ከተቱት። ተሸነፍን። ያሸነፉን በጥቂት ነጥብ ስለነበር ያቺ አንዲት ፍላጻ ልዩነት ታመጣ ነበር።

ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ብትቸኩይልኝ ኖሮ ሁለቱንም እወረውር ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሁለተኛው የት እንደሚሰካ ማን ያውቃል። ጥቁር ላይ ይሆናል።» ትከሻቸውን አሹ። «ቀዩዋን ግን አይቻታለሁ። እሷን አንቺ ነሽ የለቀቅሻት።»

ከዚያ ወዲህ ደጋን አልሳቡም። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነላቸው፤ አሁን ሚክላቱ ውስጥ ወንበር ይዘው ነጥብ ይጠራሉ። ያቺ ያልተወረወረች ፍላጻ ታሳዝናቸው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እኔ ታሳዝነኛለች። ቢሆንም ያን ቀን ቸኩዬ ብለቅ ኖሮ፣ ለእሳቸው ጊዜ ተርፎ ለእኔ ምንም ባልቀረ ነበር። የትኛው ይሻል እንደነበር ዛሬም አልወሰንኩም።

እናንተ ደጋን ላይኖራችሁ ይችላል። ስለዚህ ወፈር ያለ ላስቲክ ፈልጉ። አንዱን ጫፍ በተዘረጋው እጃችሁ ያዙ፣ ሌላውን እስከ ከንፈራችሁ ጥግ ሳቡ፣ ክንዳችሁ ልቀቀኝ እስኪላችሁ ቆዩ፤ ከዚያ ሳትለቁ በዝግታ መልሱት። ሲደክማችሁም አንድ ጊዜ ድገሙት። እባካችሁ ሞክሩት።