«ሳመው» ያልሁበት ቀን

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርሁትን ጾም ተናዝዣለሁ። ይህን ግን እየዘለልሁ ተነሥቻለሁ።

ልጄ በረከት ከተወለደ ጀምሮ ደረቱ ደካማ ነበር። በየክረምቱ ጉንፋን ይይዘውና ወደ ደረቱ ይወርዳል፤ ትንፋሽ እያጠረው ይሰነብታል። «ማሪልኝ» ብዬ ለማርያም ተሳልሁ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከተማችን ሽንፋ ላይ በየሱቁ ደጃፍ የውሃ በርሜልና ሳሙና ተቀመጠ። አፋችንን ሸፈንን፣ መጨባበጥና መሳሳም ቀረ። ከደጋ ለአረም የሚወርዱትን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን፣ ከመኪና እንደወረዱ ለብቻቸው አቆዩአቸው። ያን ክረምት በረከት አንድ ቀን እንኳ አላሳለም።

ስለቴ ደረሰ አልሁ። ጥላ ገዝቼ ለቤተ ክርስቲያን አስገባሁ፤ በሴቶቹ መካከል ቆሜም «ልጄን ማረችልኝ» ብዬ መሰከርሁ። እልል አሉልኝ። ምስጋናዬ ሐሰት አልነበረም፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ «ማርያም የማረችው» ተባለ፤ እኔም መጠሪያውን ወደድሁት። ከልክ በላይ ወደድሁት።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የአፍ መሸፈኛውም ከአፍ ወደ ኪስ ወረደ። ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ጎረቤቴ ስንዱ ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘችውን ወንድ ልጅ ክርስትና አስነሣች።

የዚያን ዕለት ጠዋት በረከት ሲያስል ሰማሁት። አፍንጫውም ይወርዳል። ማር በዝንጅብል አጠጣሁት፣ አፍንጫውን ጠረግሁለት፣ «ሰው ፊት እንዳታስል» አልሁት። ቤት ላስቀረው አልችልም ነበር? እችል ነበር። ግን «ልጅሽስ?» ሊሉኝ ነው። ስለቱ አልያዘላትም ሊሉ ነው። ማርያም የምታፍር መስሎኝ ይሆን? ማርያም አታፍርም። ያፈርሁት እኔ ነኝ።

ስንዱ ሕፃኑን ታቅፋ ጓዳ ተቀምጣለች። አንዲት ባልቴት ልጄን አዩና «እሰይ፣ ማርያም የማረችው መጣ! ይሳመው እንጂ፣ በረከቱ ይድረሰው!» አሉ።

በረከት ቆመ።

«ምን ይሽኮረመማል? ሙሽራ ሳም አልንህ እንዴ!» አለች ሌላዋ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

ልጄ አልተሽኮረመመም። ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። ልጁ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

«ሳመው» አልሁት።

ሳመው። አፉን ሳመው።

ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኑ ጡት ተወ። ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከስንዱና ከባሏ ጋር በተገኘው መኪና ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ መረመረውና ኮሮና አይደለም አለ፤ የአራስ ሕፃን ደረት ላይ የሚጠና ጉንፋን ነው። «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

የስንዱ ባል ወዲያው «አለ። ሳሉጉ ያስላል» አለ።

ሰውየው አላምረው ይባላል፤ ከጎጃም ለአጨዳ ወርዶ እነ ስንዱ ግቢ የሚያድር። በክርስትናው ቀን እንጨት ሲፈልጥ፣ ውሃ ሲቀዳ ውሎ፣ ሕፃኑንም አንድ አፍታ ታቅፎት ነበር። እኔ እዚያው አጠገባቸው ነበርሁ። ዝም አልሁ።

በማግስቱ ባልየው ልብስ ሊወስድ ወደ ሽንፋ ሲመለስ አብሬው መጣሁ። ግቢ እንደገባ አላምረውን ጠራው።

«አቧራ ነው ጋሼ፤ የሰሊጥ አቧራ ነው የሚያስለኝ» አለ አላምረው።

«ጨርቅህን ያዝና ውጣልኝ!»

«አቧራህን ደጋህ ሂደህ አራግፍ!» አለ አንድ ጎረምሳ ከአጥር ውጭ።

አላምረው ጨርቁን ጠቀለለ። ወደ እኔ ዞር ብሎ «እታለም፣ ሕፃኑን እግዜር ይማረው» አለኝ። አሜን አልሁ። በዚያ አፌ አሜን አልሁ።

ሕፃኑ ዳነ። ኦክስጅን ሰጡት፣ ቀስ በቀስ ጡት ያዘ፣ ቤቱ ገባ። ተመስገን። ስንዱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልሁ።

በዚያ ሰሞን የታመመው የሷ ልጅ ብቻ አልነበረም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቶችን ሰብስባ አስረዳችን። የአፍ መሸፈኛው፣ ሳሙናውና የትምህርት ቤቱ መዘጋት ያገደው ኮሮናን ብቻ ሳይሆን ተራውንም ጉንፋን ነው አለች። ሁሉም ሲከፈት ጉንፋኑ ተመለሰ፤ ያን ዓመት ሳይነካቸው ያለፉ ልጆችም ባንድ ጊዜ ተያዙ። ለትልቅ ልጅ ንፍጥ የሆነው ለአራስ ልጅ ትንፋሽ ያሳጣል። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

አላወቅሁም ነበር ልበል? እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ማርያም በሳሙናም እንደምትምር አላሰብሁም ነበር። ልጄ እንደሚያስል ግን አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ለንስሐ አባቴ እናገረው ነበር። በሚቀጥለው አጨዳ ሽንፋ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ፣ ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመ። ከላዩ አንድ ሰው ወረደ። አላምረው ነው።

«እታለም፣ ያ ሕፃን እንደምን ሆነ?» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ደኅና ነው። ይሮጣል።»

ጥቅሉን መሬት አስቀምጦ አማተበ። «ተመስገን! ገድየው ይሆን እያልሁ ነው የከረምሁ። አቧራ ነው ብያለሁ፤ ግን የሰው ውስጥ ማን ያውቃል? ባለቤቴ ሴት ልጅ ወልዳልኛለች። ይህን ደረቴን ስለማላምነው አንድ ቀን አቅፌያት አላውቅም።»

«አንተ አይደለህም፤ የኔ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ግን ሰው ነበረ፤ የሚያውቁኝ ሴቶች ነበሩ።

«አይዞህ» አልሁት። ይኸው ነው ያልሁት።

ሕፃኑን ሳላስብ ጎዳሁት ይባልልኝ ይሆናል። ይህን ግን አስቤ፣ የአላምረውን ፊት እያየሁ አደረግሁት። የጎጃም የት አገር እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁትም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እሱ ደግሞ እንደበደልሁት አያውቅም። ያን ዕለት ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ጥቅሉን አነሣ፤ «የምሥራች ነገርሽኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ መኪናው ላይ ወጣ።