ቢጋሩ ውስጥ ያልገባው እንሰት

ሐዋሳ ገበያ ቅቤ ልገዛ ጎንበስ ስል፣ ሴትዮዋ ቅቤዋን የጠቀለለችበትን ኮባ ገለጥ ስታደርገው ያ እርጥብ፣ ጎምዘዝ ያለ የእንሰት ሽታ ድንገት መጣብኝና ቅቤውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሰው የእናቱን ጓሮ ሲያስታውስ ደስ ይለዋል ይባላል። እኔን ያመኛል፤ ለምን እንደሚያመኝም አውቃለሁ።

ቤታችን ሶዶ ዳር፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነበር። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ስለነበር ከጓሮው ጋር ብዙም አይተዋወቅም፣ ጓሮው የእናቴ ነበር። ለእኔ ሁሉም እንሰት እንሰት ነበር፤ እሷ ግን የቅጠሉን መሐል ቀለም አይታ ይሄ ሃላ ነው፣ ያ ማዚያ ነው እያለች፣ ልጆቿ የሆኑ ይመስል በየስማቸው ትጠራቸው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ፣ በበጋው፣ የአማርኛ አስተማሪያችን አስረጂ ድርሰት አዘዘን። ሰውዬው አንድ ነገር ላይ ድርቅ ይል ነበር፤ ድርሰቱን ከመጀመራችን በፊት ቢጋሩን፣ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚያሳየውን አጽም፣ በአንድ ገጽ ሠርተን ካላሳየነው ደብተራችንን አይነካም። ዋና ነጥብ፣ ከሥሩ ንዑስ ነጥብ፣ ከርዕሱ ጋር የማይሄድ ይሰረዛል እያለ ሰሌዳውን በጠመኔ ይደበድበው ነበር። እኔ ደግሞ መሰረዝ እወድ ነበር፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰው መስማት እስከ ዛሬም አይሆንልኝም። ርዕሴን «የእንሰት ጥቅም» ብዬ ሦስት ዋና ነጥብ አወጣሁ፤ ለምግብ፣ ለቃጫ፣ ለመድኃኒት። የቀረኝ በየሥሩ ስም መሙላት ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴን እየጎተትኩ ጓሮ አስገባኋት። እሷ ግን በቢጋር አትናገርም። ግንዱን በመዳፏ መታ እያደረገች፣ ይህንን ማን እንደሰጣት፣ ያንን እኔ በተወለድኩ ጊዜ እንደተከለችው፣ ሌላው በየትኛው ክፉ ዓመት እንዳበላን በወላይትኛ ቀስ ብላ ትነግረኛለች፤ ጓደኞቼ ደግሞ የመዝለያ ገመድ ይዘው ከመንገዱ እየጠሩኝ ነበር። አረካ አጠገብ ካለው ከእናቷ ቤት፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ይዛው የመጣችው፣ ከዚያ ወዲህም ችግኙን እየተካች ያቆየችው ዘር እንዳለም ያኔ ነው የነገረችኝ። ቀና ብዬ የቱ ጋ እንደቆመች አላየሁም፤ ከነጥቦቼ ሥር እያሰመርኩ ነበር።

«እማ፣ ታሪኩን ተይውና ለምን እንደሚጠቅም ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

«አስተማሪሽ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም?»

«ታሪክ ማርክ የለውም።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ የጠየቅኋትን ብቻ፣ አጠር አጠር እያደረገች መለሰችልኝ፣ እኔም ሞልቼ ወደ ገመዴ ሮጥኩ። ከአስር ዘጠኝ አገኘሁ። አስተማሪው ቢጋሬን ለክፍሉ አሳይቶ አንዲት ትርፍ ቃል የለበትም አለ፤ አባቴም ኮርቶ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር እናቴን ሆዷን ያማት ጀመር። ኦቶና ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝታ ወደ ቤት ተመለሰች፣ ግን ከአልጋ አልወረደችም፤ ጠዋት ጠዋት ጓሮው ታርሞ እንደሆነ ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ሳላርም አዎ እላት ነበር። ስለሞተችበት ቀን መጻፍ አልፈልግም። በርካታ ሰው መጣ፣ በርካታ ሰው ሄደ፣ ከዚያ ቤቱ የአባቴና የእኔ ብቻ ሆነ።

ክረምት ላይ አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ጓሯችን ገባ። ቅጠሉ መሐሉ ላይ ቢጫ እየሆነ ይዝለፈለፍና፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ውሃ ያወጣ ነበር። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየና፣ ጓሮው በሙሉ ተነቅሎ እንዲቀበር፣ ጤነኛ የሚመስል አንድ ችግኝ ከፈለግን ብቻ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ለብቻው እንድንተክል ነግሮን ሄደ። አባቴ አንድ የሚለውን ሲሰማ ወዲያው ገብቶ ወረቀቴን አመጣ። በካፊያው ውስጥ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ገልብጦም ጀርባውን አየው።

«አማረች፣ እናትሽ ከእናቷ ቤት ያመጣችው የቱ ነው? እዚህ ላይ አጣሁት።»

ጎረቤቶቻችን የዘሩን ስም ያውቃሉ፤ የቱ ከየት እንደመጣ የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች፣ አያቴም ከሞተች ቆይታለች። አባቴ ወረቀቱን ዘርግቶልኝ እየጠበቀ ነው። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላውቅም ብል ግን፣ ለምን አልጻፍሽውም ይለኛል፣ እኔም የመለስኩላትን ልነግረው ነው።

«ያ ነው» አልኩት፣ አጥሩ ጥግ ወዳለው፣ ቅጠሉ ቀላ ወደሚለው ትንሽ እንሰት እየጠቆምኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነግራኛለች።»

ዙሪያውን በእጁ ቆፍሮ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልሎ ወሰደው። ከዚያ የቀሩትን፣ ምናልባት እውነተኛውንም ጭምር፣ አብረን ነቅለን ቀበርን። ሳለቅስ አይቶ፣ አንዱ ተርፎልናል እያለ አጽናናኝ።

በመስከረም፣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የመጣውን ዘመድ ሁሉ እየመራ ያንን እንሰት ያሳይ ነበር። የእናቴ ወንድም ከአረካ መጥቶ ቅጠሉን በጣቱ ገለበጠና ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ገብቶም ምሳውን በላ። ያውቅ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅሁትም።

ያ እንሰት ራሱ ዛሬ የለም፤ ከእሱ የወጡ ስምንት ችግኞች ግን ትልልቅ ሆነዋል። ድሮ ሃላን ከማዚያ የማይለየው አባቴ ጡረታ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ እነሱ መሐል ይውላል። በሄድኩ ቁጥር ከፊት ከፊቴ እየሄደ፣ እናቴ ሙሽራ ሆና ዘሩን ከአረካ እንዴት እንዳመጣችው፣ መንገድ ላይ እንዴት ውሃ እያርከፈከፈች እንዳቆየችው ይተርክልኛል፤ ይህንን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። ቤት ስትሠሪ ሁለቱ ያንቺ ናቸው ይለኛል፣ እሺ እለዋለሁ። ያኔ እናቴ እውነቱን ይዛ እያወራችኝ አላስጨርስ አልኳት፤ አሁን እሱ ሲያወራ እስኪጨርስ ድረስ ቆሜ እሰማለሁ።