ከኋላ እየመጣች ነው

ባለፈው ወር የእናቴን ቤት ዕቃ ስናወጣ፣ ከትልቁ ሳንዱቅ ሥር፣ ከአሮጌ ጋቢዎችና ሙሽሮቹ እነማን እንደሆኑ ማንም ከማያስታውሳቸው የሰርግ ፎቶግራፎች በታች፣ በልጅነቴ የለበስኩት የቴኳንዶ ልብስ እንደተጣጠፈ ተገኘ። ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ከአቡጀዲ የሰፋው፣ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ የተጣፈ፣ ዕድሜ ቢጫ ያደረገው ነው። ልጄ «ይሄ ደግሞ የማን ፒጃማ ነው?» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ከብል መድኃኒቱ ሥር ያ የድሮው አዳራሽ የወለል ሰም ሽታ አሁንም ያለ መሰለኝና መልሼ አጣጠፍኩት። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ደስ ይለዋል መሰለኝ፤ እኔን ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ፍርሃቱ ነው።

ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ውሻ እፈራለሁ፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ እፈራለሁ፣ መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። አባቴ እኔ ሳላውቀው ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ከትግራይ መጥታ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች፣ ስትደሰት በአማርኛ ስትቆጣ በትግርኛ የምትናገር፣ ስለዚህም ገና አፏን ስትከፍት ምን እንደሚጠብቀኝ የማውቅባት ሴት ነበረች። ቀሚሶቿን የሚሰፉላት አቶ ከድር የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ፤ ፒያሳ ላይ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ጠባብ ሱቅ ነበራቸው። ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ቆልፈው በአሮጌው የቀበሌ አዳራሽ ልጆችን ቴኳንዶ ያስተምራሉ ቢባል ያያቸው ሁሉ አያምንም ነበር። አንድ ቀን እናቴን ሲለኩ እኔን ከቀሚሷ ኋላ ተሸጉጬ አዩኝና፣ ይህችን ልጅ ለእኔ ተዪልኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ትምጣ አሏት።

እናቴ እሺ ያለችው ብቻዬን እንዳልመላለስ ከሆነ ብቻ ነው። ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ስለነበረ ወደ ፒያሳ ለመውጣት ድልድዩን መሻገር ግድ ነው፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ሌባውም ሥራ ፈቱም አይጠፋም። ስለዚህ ጎረቤታችንን እትዬ ሶፊያን ለመነቻቸው። እትዬ ሶፊያ ከመንገዱ ዳር በርበሬና ቅመም የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ዘሃራ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ አፏ እንደ አራዳ ልጅ ፈጣን ነው፣ የምትፈራው ነገር ቢኖር የእናቷን ዝምታ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘሃራ ወደዚያ አዳራሽ የመጣችው ስፖርት አምሯት አልነበረም፤ እኔን ልታጅብ ነው የመጣችው።

አዳራሹ የጣውላ ወለል ነበረው፤ በየሳምንቱ ሰም ስለሚቀባ ያንሸራትታል፣ ክፍተቱ ደግሞ የእግር ጣት ይይዛል። ከጣሪያው ሥር ርግቦች ይኖራሉ፤ ሠላሳ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲጮሁ ተነሥተው ይተራመሳሉ። ማስተር ከድር፣ እዚያ ሲገቡ ስማቸው እንደዚያ ነው፣ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያስተማሩን መውደቅ ነበር። አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግ፣ በእጅህ አትደገፍ፣ ትንፋሽህን አውጣ። ወለሉ ጠላታችሁ አይደለም፣ ግን አያባብላችሁም ይሉን ነበር። ሆዳችሁን ሞልታችሁ አትምጡ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ጆሮ ጌጥ እቤት ይቅር፣ ወለምታ የደበቀ ዓመት ይቀመጣል፣ ጓደኛችሁን አትጉዱ፣ ነገ ከማን ጋር ትለማመዳላችሁ? ምት ሲመጣ ዓይኔን የምጨፍነውን እኔን ደግሞ ለብቻዬ ያቆሙኝና ሜትራቸውን አፍንጫዬ ሥር እያወዛወዙ፣ ጨፍነሽ ብትመቺም ከፍተሽ ብትመቺም ሕመሙ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ከፍተሽ ከሆነ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ ይሉኛል። ስለ መንገድ ጠብ ደግሞ ሕጋቸው አጭር ነበር፤ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ጉሮሮ፣ እጅ መጨረሻ። ሩጡ፣ ጩኹ፣ መውጫ ከጠፋ ብቻ ተማቱ። ጨርቅም ቢሆን መቀስ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ ግን መጮህ አልቻልኩም። በየምቱ መጮህ ግዴታ ነው፤ ሁሉም ሲጮህ እኔ አፌን ብቻ እከፍታለሁ። ማስተር ከድር በረድፎቹ መሐል ሲያልፉ እንዳይነቁብኝ አንገቴን ገትሬ ደም ሥሬን ሳስወጣ፣ አጠገቤ የቆመችው ዘሃራ የሁለታችንንም ድርሻ ትጮህልኝ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስም በዚህ ትስቅብኛለች፤ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ለእኔ ከጮኸች ቢያንስ ግማሽ ሎሚ ይገባኛል ትላለች።

ክረምቱ ሲገባ ነው ባለ ጃኬቱ የመጣው። ስሙን አላወቅነውም። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ የድልድዩን አጥር ተደግፎ ይቆማል፤ መጀመሪያ ላይ የሚለን ነገር እንደ ቀልድ ነበር፤ ካራቲስቶች፣ እስቲ አንድ ምት አሳዩኝ ይላል። ዘሃራ ትመልስለታለች፣ አጠገቡ ያሉት ይስቃሉ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። ያለ አንድ ቃል ከኋላችን መከተል ጀመረ፤ ስንቆም ይቆማል፣ ስንፈጥን ይፈጥናል፣ እትዬ ሶፊያ ሱቅ ጋ ስንደርስ ተመልሶ ይሄዳል። ለማስተር ከድር እንንገራቸው አልኩ፤ ዘሃራ ግን ከነገርናቸው ለእናቶቻችን ይነግራሉ፣ እናቶቻችን ደግሞ ያስቀሩናል አለች። ለእኔ ብላ የጀመረችው ነገር እሷ ራሷ የማትተወው ሆኖባት ነበር። እኔም ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሌሊት የእርምጃው ድምፅ በሕልሜ ይመጣብኛል።

አንድ የሐምሌ ቀን ልምምዱ ሲያልቅ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆንም ደመናው ዝቅ ብሎ ከተማውን ስለተጫነው የመሸ ይመስል ነበር። ዝናቡ ካልሲና ባትሪ የሚሸጡትንም፣ ጫማ ጠጋኞቹንም ከድልድዩ አባሮ ከወዲያ ማዶ በረንዳ ሥር አጉሯቸዋል። ወንዙ ሞልቶ ከታች ያጓራል። መሐል ድልድዩ ላይ ስንደርስ ባለ ጃኬቱ ከፊታችን መጣ፤ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚመጣው። የዘሃራን ቦርሳ ማንገቻ ያዘ፣ ቀጥሎ ክንዷን ያዘ፣ ወደ አጥሩ ገፋት።

እጅ ማስለቀቂያ ሦስት መንገድ ተምሬ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ጆሮዬ ውስጥ ከወንዙ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። ዘሃራ ዘወር ብላ አየችኝ፤ አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችኝም፣ የት እንዳለሁ ብቻ አየች። ያኔ እግሬ ተነሣ፤ ሮጥኩ። ከበረንዳው ሥር ስምንት የሚሆኑ ጎልማሶች ተጠልለው ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር፤ አፌን ዘግቼ በፊታቸው አለፍኩ። እትዬ ሶፊያ ሱቃቸው ደፍ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ፤ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

«ዘሃራስ?» አሉኝ።

«ከኋላ እየመጣች ነው» አልኳቸው።

ድምፄ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ ወጥቶ አያውቅም። ቤት ገብቼ ከበሩ ኋላ ቁጢጥ አልኩ፤ ከፀጉሬ የሚንጠባጠበው ውኃ እግሬ ሥር ኩሬ ሠራ። የሰው እርምጃ በሰማሁ ቁጥር እሷ ናት እላለሁ፣ እርምጃው ያልፋል፤ ከዚያ ወንዙ ይታየኛል፣ በወንዙ ላይ አንድ ነጠላ ጫማ ሲሄድ ይታየኛል። ወጥቼ መናገር እችል ነበር፤ ሱቁ ከበራችን ሃያ እርምጃ አይርቅም። ግን ከተናገርኩ ቀድሜ የዋሸሁት ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው፤ ሰውየውን ፈርቼ የሮጥኩትን ሳይሆን፣ ከሮጥኩ በኋላ ተቀምጬ የጠበቅሁትን።

ዘሃራ በእግሯ መጣች። እንደተማርነው አውራ ጣቱ ወዳለበት ጠምዝዛ እጇን አስለቅቃ ነበር፤ ስትስፈነጠር ግን እንደ አዳራሹ ጣውላ ባልሆነው በእግረኛው መንገድ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ወደቀችና የግራ አንጓዋ ተሰበረ። ከወደቀችበት ጮኸች፤ ጫማ ጠጋኞቹ ከነመዶሻቸው ሲወጡ ባለ ጃኬቱ ወደ ታች ሮጦ ጠፋ። ወጌሻ አሻት፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት ጀሶ አደረጉላት። ወላጆቿ ሲጠይቋት ስለ ሰውየው ሁሉንም ተናገረች፤ ስለ እኔ ግን «ጫማዬን ላስር ቆሜ ቀድመሽ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ» አለቻቸው። አባቷ በዚያው ዕለት ሁለተኛ እዚያ አዳራሽ እንዳትደርስ ብለው ከለከሏት። እናቴ በትግርኛ ጀምራ በትግርኛ ጨረሰች፤ ማስተር ከድር ቤት ድረስ መጥተው ይቅርታ ባይለምኗትና ከዚህ በኋላ ልጆቹን ድልድዩ ላይ ቆሜ አሳልፋለሁ ባይሏት ኖሮ እኔም ቀርቼ ነበር።

እንዳሉትም አደረጉ። ከልምምድ በኋላ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ የመጨረሻዋ ልጅ እስክትሻገር ድልድዩ ጫፍ ላይ ይቆማሉ። ማንንም አልመቱም፣ ማንንም አላስፈራሩም፤ ከጫማ ጠጋኞቹና ከካልሲ ሻጮቹ ጋር ሲያወሩ ነበር የሚቆዩት፤ በሳምንቱ እያንዳንዳችን የማን ልጅ እንደሆንን ያ ሁሉ ሰው በስም ያውቀን ነበር። ባለ ጃኬቱ ተመልሶ አልታየም።

እኔን ያነጋገሩኝ አንድ ቀን ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ጫማ ጠጋኞቹ እንዴት እንዳለፍኩ ነግረዋቸው ነበር። ራሴን አቀርቅሬ «ሮጥኩ» አልኳቸው።

«ሮጥሽ፤ ደግ አደረግሽ። መሮጥን እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ» አሉኝ። «ዝም ብለሽ መሮጥን ግን ማን አስተማረሽ?»

ከዚያ መሐል አዳራሹ ላይ አቁመው ጩኺ አሉኝ። አልወጣም። እንደገና አሉ። መቆጣት የለ፣ ማባበል የለ፤ መነጽራቸውን እየወለወሉ ይጠብቃሉ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ነገር ከሆዴ ተነቅሎ ወጣና ርግቦቹ ተነሡ፤ እኔም እያለቀስኩ መጮህ ቀጠልኩ፣ ማቆም አቃተኝ። ሲበቃኝ «ይህ ጩኸት ለዘሃራ አልደረሰም፣ ለሌላ ሰው ይድረስ» ብለው፣ ድልድዩን አሻግረውኝ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ዘሃራን ለመጠየቅ አሥር ቀን ፈጀብኝ። በጀሶዋ ላይ ወንድሟ አበባ ስሎባት፣ በአንድ እጇ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናቡ አወራን። እናቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ ቀና ሳትል፣ «እየመጣች ነው ብለሽ ነበር አሉ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ይኸው መጣኋ» አለችና ሳቀች።

በዚያ ጀሶ ራሴን ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ እናቷ ተመለሱ፣ ሻይ ቀረበ፣ ጊዜው አለፈ። ሌላ ቀን እላለሁ አልኩ። እሷ ሥራ ያዘች፣ እኔ ስድስት ኪሎ ገባሁ፣ እነ እትዬ ሶፊያ ሰፈር ቀየሩ። ካቻምና አንድ ሰርግ ላይ ተገናኝተን ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስናወራ አመሸን፤ ብርጭቆዋን ስታነሳ የግራ አንጓዋ ትንሽ ወደ ውጭ እንደዞረ አየሁ፤ ያየሁትን አየች፣ ወሬም ቀየረች።

አዳራሹ ፈርሷል፤ በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድና ማታ ማታ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት አለ፤ ያምራል፣ አላማርርም። ጫማ ጠጋኞቹ ወዴት እንደተበተኑ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ በዚያ መንገድ ብሄድ ዛሬ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። ማስተር ከድር አርጅተው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፤ ጥቁር ቀበቶ ካሰርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃገረዶች ማስተማር ጀምሬ ነበርና እንዲመርቁኝ ነው። መረቁኝ። ከዚያም፣ ከሁላችሁም ተሰጥኦው የነበራት ያቺ የሶፊያ ልጅ ነበረች፣ በአርባ ዓመት እንደሷ ዓይነት እግር አላየሁም አሉ። እኔም አውቅ ነበር፤ አጠገቧ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ለራሷ ግን ማናችንም አልነገርናትም፤ እሷ እስከ ዛሬ ያኔ እኔን ለማጀብ ብቻ የመጣች ይመስላታል።