ያላስተማረኝ ማርሽ

በተሳቢ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ያልሠራ ሰው ይህን አያውቅም፤ ልንገራችሁ። መኪናው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ረዳት መሬት ላይ ነው። ከጋቢና ዘሎ ይወርዳል፣ ከኋላ ይቆማል፣ እጁን እያወዛወዘ "ና! ና! ና! በቃ!" ይላል። እኔም መንጃ ፈቃዴን በኪሴ ይዤ፣ መሪ የምረከብበትን ቀን እየጠበቅሁ፣ በመካነ ሰላም፣ በከላላና በወግዲ መጋዘኖች ደጃፍ ድምፄ እስኪጎረንን ስጮህ ኖርኩ።

ሾፌሩ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ሴት ልጅ ረዳት ልትሆን ነው ሲባል ሌሎቹ ሾፌሮች ሲሳሳቁ፣ "እኔ እወስዳታለሁ፤ ከልጄ ለይቼ አላያትም" ያለው እሱ ብቻ ነበር። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቷ ከእኔ ቀጥላ የምታነሳው እሱን ነው።

አስተማረኝም፤ ሐሰት አልናገርም። ሜዳው ላይ መሪውን ይሰጠኛል። ወደ ዓባይ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ፍሬን ሳላቃጥል በማርሽ መውረድን ያሳየኝ እሱ ነው። ስሳሳት አይቆጣም። "ቀስ፣ የኔ እናት፣ ገደሉ የትም አይሄድም" ይለኛል። መጋዘን በር ስንደርስ ግን፣ "በይ ውረጂና ምሪኝ፤ ከአንቺ ዓይን በላይ የማምነው የለኝም" ይላል። እኔ ሞኟ እንደ ሹመት ቆጥሬው እወርዳለሁ።

አንድ ቀን አቀስታ ላይ፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ እኔ ላስገባውና እርስዎ ይምሩኝ?" አልኩት።

"ቆይ ልጄ፣ ወደ ኋላ መንዳት የመጨረሻው ትምህርት ነው። ልጅ እንኳ መጀመሪያ ወደ ፊት መዳህ ነው የሚማረው።"

ሳቅሁ። ሲያወራ ያስቃል።

የመኪናው ባለቤት ሌላ ተሳቢ ሲገዙ ነገሩ መጣ። ደሴ የሚኖሩ ሐጂ ናቸው። ጋሼ፣ "ስምሽን እኔ አነሳለሁ፤ ወላሂ ያ መኪና ያንቺ ነው" ብሎ ማለልኝ። እኔ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ።

ሐጂ መካነ ሰላም የመጡ ዕለት ማዳበሪያ ጭነን ነበር። መጋዘኑ ገበያው ዳር ነው፤ ሰው ሞልቷል።

"እህስ፣ ትችላለች?" ሲሉ ጠየቁት።

"መንገድ ላይ ደህና ናት፣ ሐጂ" አለ ጋሼ። ወደ እኔ አላየም። "እስቲ ወደ ኋላ ታስገባውና ይዩዋት።"

ጋቢና ወጥቼ መሪውን ያዝኩ። የሠለጠንኩበት መኪና ተሳቢ አልነበረውም። ተሳቢ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሉት ነገረኛ ነው፤ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት እሱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይህን ከመሬት ቆሜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እጄ ግን አያውቀውም።

ጋሼ እኔ በምቆምበት ቦታ ቆመ። በስፖኪዮው አየዋለሁ። "ና" አላለም፣ "በቃ" አላለም፤ እጁን ኪሱ ከቷል። ተሳቢው ታጠፈና የበሩን ምሰሶ ገጭቶ ቆመ።

"ኧረ በሬ ጥመዱላት!" አለ አንዱ ገበያተኛ።

"አትፍረዱባት፣ ምሰሶው ነው የመጣባት!" አለ ሌላው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ሐጂ አልሳቁም። "አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ፤ ትንሽ ይቀርሻል" አሉኝና የአዲሱን መኪና ቁልፍ ከጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ለነበረ ሾፌር ሰጡት። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጋሼ የእህቱ ልጅ።

ሰው ሲበተን፣ "ለምን አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ አላስነዱኝም?" አልኩት።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ሥጋዬ ነው" አለ፤ አላፈረም። "አንቺ እንደሆንሽ ከእኔ ጋር ነሽ፤ ምን ጎደለሽ? ነገ ጠዋት ደሴ እንወጣለን።"

መሪውን ከማጣቴ ይልቅ የቆጨኝ ሌላ ነው። መንገድ ላይ ሲያጎርሰኝ፣ ብርድ ሲሆን ጃኬቱን ሲያለብሰኝ የነበረውን ሁሉ አሁን እያነሳሁ እመረምራለሁ፤ የቱ እውነት እንደነበረ መለየት አቃተኝ።

ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት? "አሞኛል" ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ደጃችን ላይ ክላክስ ነፋ። አልተነሳሁም። እናቴ ዳቦና ቆሎ ቋጥራ ወጣች።

"ዛሬስ አሟታል፤ የሁለታችሁንም ስንቅ አንተው ውሰደው" ስትለው ይሰማኛል። ከዚያ መረቀችው። "ልጄን ሰው እንዳደረግህልኝ፣ የወለድከው ሰው ይሁንልህ።"

"አሜን፣ አሜን" አለ፤ እስከ አልጋዬ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።