አባቴና የውሃ ቧንቧው

ዓረብ አገር፣ ደማም ከተማ አል ባዲያ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ናይለን ሹራቤን ሳወልቅ ተንጣጣ፤ ብልጭታው ጎረቤት ከተማ ሰይሃት ድረስ ሳይታይ አልቀረም።

ድምፁ ደሴ መለሰኝ። አምፕሊፋየር ጠጋኙ አባቴ ዕቃ ከመንካቱ በፊት የግቢያችንን የብረት ቧንቧ ይጨብጥ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ሳቀችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንኳ እንዲህ ጨብጠኸኝ አታውቅም!»

«ሰውነቴ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ካልወረደ ዕቃውን ያቃጥለዋል» አላት። ከዚያ እጇን ያዘና፣ «ሰውም የሚነካው ሲያጣ ይጠራቀምበታል» አለ። እኔ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የተከፈተ አምፕሊፋየር ይጠብቀኛል። መታጠቢያ ቤት ሄጄ የብረቱን ቧንቧ ጨበጥኩ። በዚህ ሳምንት የጨበጥኩት እሱን ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ ወዲያው ወረደ፤ እኔ ግን አልለቀቅኩትም።