ሁሉም እጁን ያወጣበት ስብሰባ

ባለፈው ሳምንት የሕግ አስተማሪያችን የቤት ሥራ ሰጡን። ለልምምድ ብለው የፈጠሩት ጉዳይ ነው። አንድ ካውንቲ፣ እንደ ክፍለ ሀገር ያለ አስተዳደር፣ ዋና መቀመጫውን ወደ ሌላ ከተማ ለማዛወር ድምፅ ይሰጣል፤ የቀድሞው ከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ድምፁ አግባብ አልነበረም ብለው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። እኛ አንደኛ ዓመቶቹ ድምፁ ይጽና ወይስ ይሻር የሚለውን በሁለት ገጽ መመለስ አለብን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ "ይሄ ምኑ ይከብዳል? አብዛኛው ከደገፈ አለቀ" አለችኝ። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር። አሁን ግን የእናቴ እድር ፍርድ ቤት የሄደበት ጊዜ ትዝ አለኝና ወረቀቴን ባዶውን ይዤ ቤት ገባሁ።

የእድራችን ቤት ያኔም ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ ነበር። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። እናቴ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ሱቅ ከዚያ አይርቅም። ሊቀመንበሩ ጋሽ ታምራት ይባላሉ። ዌስትላንድስ ውስጥ ቢሮ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ እኔን ክርስትና ያነሱኝም እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲያርፍ ከሆስፒታል እስከ መቃብር ድረስ የሮጡት እሳቸው እንደነበሩ እናቴ ሳትነግረኝ የቀረችበት ዓመት የለም።

የዝናቡ ወራት ነበር። ጋሽ ታምራት እሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባላቱን ሰበሰቡና ራቅ ብሎ ፓርክላንድስ ሰፈር ካለው ሕንፃቸው አንድ ሰፊ ቤት ለእድሩ በነፃ እንደሚሰጡ ተናገሩ። ቤቱ አያፈስም፣ ኪራይ የለበትም፣ መኪና ማቆሚያም አለው። የእድሩ መቀመጫ ወደዚያ ይዛወር አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ከፊት ቆሙና፣ "የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" አሉ። ሁሉም አወጣ። እናቴ የፊት ወንበር ላይ ስለነበረች ቀድማ አወጣች። አሮጊቷ እማማ ዘነበች እንኳ፣ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው፣ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። የሚቃወም ሲባል አንድም እጅ አልወጣም። ጸሐፊው "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ጻፈ።

ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ፊቷ ጠቁሯል።

"ማሚ፣ ምን ሆነሻል?"

"እማማ ዘነበች እንዴት ሊሆኑ ነው? ይሄ ሥራ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ማን ዝም አለ? እጄን አወጣሁ እንጂ።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ! ዩ ሴድ የስ!"

"አንተ ደግሞ በእንግሊዝኛ አትጩህብኝ፤ ሰው ይሰማል።"

እማማ ዘነበች በዚህ ከተማ ልጅም ዘመድም የላቸውም። ከእድሩ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በየቀኑ በከዘራቸው እያዘገሙ ይመጡና በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወጪ ገቢው ሁሉ ይስማቸዋል፣ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ይልጣሉ፣ የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ይጠይቃሉ። ሰው የሚያዩት እዚያ ብቻ ነው። እድሩ ከሄደ ቀናቸው ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሊሆን ነው።

በዚያ ሳምንት የእናቴ ሱቅ ሌላ ስብሰባ ሆነ። ሽሮ ሊገዛ የገባው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔስ አልፈለግኩም ነበር" ይላል።

"ፓርክላንድስ ለእኔ እንደ ሞምባሳ ሩቅ ነው" አሉ እማማ ዘነበች። "ማታቱ ታክሲ ላይ ስወጣ ወገቤን ማን ይደግፈኛል? ኮንዳክተሩ?"

"አይዞዎት እማማ፤ የሞቱ ዕለት እነሱ ይመጣሉ" አለ አንድ ቀልደኛ።

"በዚያ ትራፊክ? እስኪደርሱ አርባዬ ይወጣል!"

ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እናቴ ሚዛኑ ላይ የነበረውን በርበሬ ሳትመዝን አስቀመጠችው።

ሽማግሌ ይላክ የሚል ሐሳብ መጣ። ችግሩ፣ ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት ራሳቸው ጋሽ ታምራት ናቸው። ሌሎቹም ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ያወጡ ስለነበሩ ምን ብለን እንሂድ አሉ። ድንኳኑ መጫን ሲጀምር ጥቂት አባላት፣ ከእናቴ ጋር፣ አንድ ኬንያዊ ጠበቃ ይዘው ከሰሱ። ድምፁ በነፃነት አልተሰጠም፣ ዝውውሩ ይቁም የሚል ነበር አቤቱታቸው። ፍርድ ቤቱም ነገሩ እስኪታይ ዕቃው ባለበት ይቆይ አለ።

የክርክሩ ቀን የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለነበር አብሬ ሄድኩ። የሐምሌ ብርድ ነበር፣ ሰማዩ የተቆጣ የሚመስልበት የናይሮቢ ብርድ። በኮሪደሩ ጋሽ ታምራት መጡና እናቴን ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳሟት። "ቁርስ በላችሁ?" ብለው ከሳሹንም ምስክሩንም ይዘው ወጡ፤ ከበሩ ማዶ ለሁላችንም ሻይ በወተትና ትኩስ ማንዳዚ፣ የኬንያውን ቦምቦሊኖ፣ ገዙልን። የእኛ ጠበቃ ሮጦ መጣ።

"የተከሳሹን ሻይ ትጠጫለሽ?" አላት በስዋሂሊ።

"ታዲያ እምቢ ልበል?" አለች እናቴ። ማንዳዚውን ጨረሰችው።

አስተርጓሚ አልፈለገችም። የገበያ ስዋሂሊዋን ይዛ ቆመች።

"እጅሽን አውጥተሻል?" አሉ ዳኛዋ።

"አውጥቻለሁ።"

"ያስፈራራሽ ሰው ነበር?"

"የለም።"

"ቃል የተገባልሽ ነገር?"

"የለም፣ ክብርት ዳኛ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትከሺው?"

እናቴ ጋሽ ታምራትን ሳታይ መለሰች። "ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር። ባሌን የቀበሩልኝ፣ ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እያየኝ እንዴት እጄን ላውርድ? ሁላችንም እንደዚያ ነን። አንድም ሰው አልዋሸም፤ አንድም ሰው ግን የልቡን አልተናገረም።"

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ዳኛዋ አልሳቁም። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣ "እንዲህ ያለ ስብሰባ በእኛም መንደር አውቃለሁ" አሉ።

ጋሽ ታምራት ለጠበቃቸው ሹክ አሉት። ጠበቃው አልተስማማም፤ ክርክሩን እንደሚያሸንፉ ለማስረዳት ሲሞክር ይታያል። እሳቸው ግን ትከሻውን ያዝ አድርገው ራሳቸው ተነሱ። ድምፁ በወረቀት፣ በሳጥን ይደገም፤ እኔ አዳራሹ ውስጥ አልገባም አሉ። ዳኛዋ የሁለቱን ወገን ስምምነት መዘገቡ። ነገሩ በፍርድ አልተቋጨም።

ድጋሚው የተደረገው ብርዱ አልፎ መንገዱ አቧራ ሲጀምር ነው። ሰዉ አንድ በአንድ መጋረጃ ጀርባ እየገባ ወጣ። ሲቆጠር አብዛኛው መቀመጫው ሁርሊንግሃም ይቆይ ብሏል። እማማ ዘነበች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ የሊቀመንበሩ ነገር ትዝ ሲላቸው ይመስለኛል፣ በእጃቸው ሸፈኑት።

እናቴ ለጋሽ ታምራት ራሷ ልትነግር ወጣች፤ ተከተልኳት። መንገዱ ዳር፣ የበቆሎ ጥብስ የምትሸጥ ሴት አጠገብ ቆመው ነበር። ያልነከሱት በቆሎ እጃቸው ላይ አለ።

"ይቆይ ብሏል ሰዉ" አለች።

"ገባኝ። ፊትሽ ላይ አለ።" ከዚያ፣ "አበልጅ" አሏት። "እስከ ዛሬ እሺ ያልሽኝ ሁሉ እንደዚህ ነበር?"

"ሁሉም አይደለም፣ ጋሽ ታምራት።"

"የቱ ነው ታዲያ የእውነቱ?"

ያስከፋቸው መሸነፉ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ሰርግ፣ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ልጆች ትምህርት መክረው ሁሉም እሺ ብሏቸዋል። አሁን ወደ ኋላ ሄደው የቱ እሺ እሺ እንደነበር መለየት አይችሉም።

ሊቀመንበርነቱን ትንሽ ቆይተው ተዉት፤ ቤታችን መምጣት ግን አልተዉም። ባለፈው እሑድም መጡ። የሕግ ትምህርት መጀመሬ ደስ ብሏቸዋል፤ ለዕረፍቱ ቢሯቸው መጥቼ ሰነድ እንዳገላብጥ ጠየቁኝ። እኔ ትልቅ ሰው ማስደሰት እወዳለሁ፤ አስተማሪም ሲጠይቅ ሳይጨርስ እሺ የምል ልጅ ነኝ። በዚህ ዕረፍት ግን እናቴን ሱቅ ላግዛት አስቤ ነበር።

"አይ ጋሼ፣ አልችልም" አልኩ።

ሻያቸውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ "እሺ" አሉ። ተደስተው ይሁን ተቀይመው እስካሁን አላውቅም።

ሲሄዱ እናቴ ወጥ ቤት ጠርታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "እንዲህ ፊት ለፊት ይባላል? ክርስትና አባትህን!"

"ማሚ! ፍርድ ቤት ቆመሽ የተናገርሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እሱ ፍርድ ቤት ነው" አለች። "ይሄ ቤት ነው። ላስብበት ብለህ ማክሰኞ አትደውልላቸውም ነበር?"

የቤት ሥራዬን በዚያው ማታ ጻፍኩ። ድምፁ ይደገም፣ በምስጢር ይሁን አልኩ፤ ለምን እንደሆነም በሚገባ አስረዳሁ። እንደማምንበት እርግጠኛ ነኝ። ክንዴ ግን አሁንም ትንሽ ያመኛል፤ እናቴም ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም።