የቀዩ ዝይ ሁለተኛ ፊት

ጎረቤቴ ኦርቪን ስታቭሊ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስት አላገባም። ለምን ሲባል «ገና ነኝ» ይላል። አርባ ዓመት ፖስታ ሲያድል ስለኖረ የከተማችንን ውሻ ሁሉ በስሙ ያውቃል፤ ከሰው ጋር ግን ወሬው ከዝናብና ከንፋስ አያልፍም። እዚህ ሰሜን አዮዋ ይህ ጨዋነት ነው።

ሀብቱ አንድ መብራት ነው። አባቱ በዋናው መንገድ ዳር «ቀይ ዝይ» የሚባል ቤንዚን ይሸጡ ነበር። በዚያን ዘመን በየማደያው ማሽን አናት ላይ የኩባንያው ምልክት የተሳለበት ክብ መብራት ይቀመጥ ነበር፤ መሀሉ ሰፊ የብረት ቀለበት፣ ፊትና ኋላው ትልቅ ሰሃን የሚያካክሉ ሁለት ጎበጥ ያሉ መስታወቶች፣ ውስጡ አምፖል። ኩባንያው ከሰረ፣ ማደያው ተዘጋ፣ ዕቃውም ተበታተነ። ለኦርቪን የደረሰው ቀለበቱና አንዱ መስታወት ብቻ ነው። እሱኑ ግቢው ውስጥ አሮጌ ማሽን ላይ ሰቀለው፤ ዝይዋን ወደ መንገዱ አዞረና ባዶውን ጎን በኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ደፈነው። ቆርቆሮው የዞረው ደግሞ ወደ ገዛ ራሱ ወደ ኦርቪን የወጥ ቤት መስኮት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማው ዝይ ሲያይ፣ እሱ ራሱ ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎውን እየበላ ቆርቆሮ ያይ ነበር።

«አዙረውና አንተም እያት እንጂ» አልኩት አንድ ቀን።

«አላፊ አግዳሚው ቆርቆሮ ይይልኝ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ሁለተኛውን መስታወት ያልፈለገበት ሐራጅ፣ ያላገላበጠው የአሮጌ ዕቃ ክምር የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ሐኪሙ ከበቆሎ አጨዳ በፊት ልብህ ካልተቀደደ አለው። እሱ የሚፈራው ቢላዋውን አይደለም። «እንደ አባቴ ጊዜ በሁለቱም በኩል ስትበራ ሳላያት እንዳልሄድ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው።

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሁሉም ያመጣውን አብሮ ይበላል። ሰሃን እንዳይጠፋ እያንዳንዱ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፎ ስሙን ይጽፍበታል። ጌርዳ ሞልስታድ፣ ባሏ የሞተባት፣ የሎሚ ኬኳን ሁልጊዜ የምታመጣው በአንድ ትልቅ የመስታወት ሰሃን ነው። ሰሃኑ ሥሩ ጎባጣ ስለሆነ ይወዛወዛል፤ ፎጣ ታስደግፈዋለች። በሰኔ ወር፣ ኦርቪን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኬኩ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰው አንድ ቁራጭ ሲያነሳ ከሥሩ ቀይ እግር ብቅ አለ።

የኦርቪን ሹካ አየር ላይ ቀረ። አንድ ቁራጭ አነሳ፤ ጭን ታየ። ሌላ አነሳ፤ ክንፍ። ስኳር የተከለከለ ሰው ዘጠኝ ቁራጭ በልቶ ምንቃሯ ድረስ ገለጣት።

«ጌርዳ» አለ ላብ እያጠመቀው፣ «ሰሃንሽ ደህና ሰሃን ናት።» ይህ በእኛ አገር እሪ እንደማለት ነው።

«ይቺ? የባለቤቴ ኮተት ናት ባክህ። ከፈለግካት ውሰዳት።»

እንግዲህ እዚህ አገር ሰው ሲሰጥህ መጀመሪያ እምቢ ትላለህ፤ ሲደግምም እምቢ ትላለህ፤ በሦስተኛው «ካላስቸገርኩ» ብለህ ትቀበላለህ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው እስኪቀበር ይወራበታል።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ኦርቪን።

«ውሰዳት እንጂ፣ እኔ ስንት ሰሃን አለኝ!»

«አይሆንም፣ አላደርገውም» አለና ለሦስተኛው እጁን በሱሪው ጠረገ።

ይሄኔ ፓስተሩ እየሮጡ መጡ። «ጌርዳ! የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ!» እሷም ሰሃኗን አፈፍ አድርጋ ሄደች።

«እሺ ብትላት ምን ነበረበት!» ብዬ መኪና ውስጥ ጮህኩበት።

«ሁለቴ ብቻ ነው ያለችኝ።»

«ሄደህ ጠይቃታ!»

«በሯን አንኳኩቼ ሰሃን ስጪኝ ልበላት? አብደሃል?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በሐምሌ ጌርዳ ድንች ሰላጣ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። ኦርቪን ምሳውን ሳይቀምስ ወጣ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የቀረችው የነሐሴዋ እሁድ ብቻ ነበረች፤ በእሷ የሎሚ ኬኩ መጣ። ጌርዳ የመጨረሻውን ቁራጭ ኦርቪን ሳህን ላይ አስቀመጠች፤ መስታወቱን ወልውላ በጋዜጣ ጠቀለለችው።

«ሦስተኛው ይኸው፣ ውሰዳት» አለች። «ቧንቧው ነው ያቋረጠኝ። ሁለት ወር ሆዴን ሲበላኝ ከረመ።»

«ታዲያ በሐምሌ ለምን አላመጣሽም?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«ሎሚ አጣሁ። ያለ ኬክ ባዶ ሰሃን ታቅፌ ብመጣ ሰው ምን ይለኛል?»

ኦርቪን «ካላስቸገርኩ» ያለው በሹክሹክታ ነው።

ቤት ስንደርስ ገለበጣት። ዝይዋ ሆድ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ በድፍን ጥቁር ቀለም «ጌርዳ» የሚል ጽሑፍ። የስንት ዓመት እጥበት ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል። ጫፉን በጥፍሩ ሲሞክረው ቀዩ ቀለም አብሮ ተነሳ።

«ሙቅ ውሃ…» ስል «እንዳትነካት!» ብሎ ጮኸብኝ።

እንዳለች ተሰቀለች። ጠርዟን በብስክሌት ካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ ጠቀለለ፣ ቀለበቱ ውስጥ አስቀመጣት፣ ብሎኑን በጣቱ እስኪከብደው አጠበቀና በመፍቻ ሩብ ዙር ጨመረ። ከዚያ ትንሽ ካለፈ መስታወቱ ይሰነጠቃል። እስትንፋስህን ያዝ አለኝ፣ ያዝኩ። አምፖሉም ቀለሙን እንዳያበስለው ደካማ ነው።

አመሻሽ ላይ ጌርዳ ልታይ መጣች። ንጹሁ ፊት ወደ መንገዱ ይበራል። ዞር ስትል ስሟን ከኋላ አገኘችው።

«ምነው፣ ደበቅከኝ?»

«አልደበቅኩሽም» አለ ጫማውን እያየ። «መንገዱ ሠላሳ ዓመት አይቷል። ይሄኛው ጎን የኔ ነው። ገንፎዬን ስበላ የማየው።»

ኦርቪን ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ጌርዳ መሐረቧን ፈለገች፣ አጣችው፣ ዓይኗን በእጅጌዋ አበሰች።

«ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት ተኝተህ ታገግማለህ» አለች።

«ኧረ በጭ…» አለና አቆመ። ስሟን አየ፣ እሷን አየ። «እሺ» አለ።

በመጀመሪያው! ጌርዳ ሁለተኛውን ልትል የከፈተችው አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከተማው እስከ ዛሬ ያወራበታል። እሱ ቀዶ ጥገናው ከተሳካለት ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ ከጌርዳ ቤት ግን አልተመለሰም። ገና አላገገምኩም ይላል። መብራቱን ማታ ማታ የማበራው እኔ ነኝ።